አስራ አንድ ከአርባ

ሰሌዳው ቀላ፣ ከላይ እስከ ታች፤
ቦይዚ ተሰረዘች፣ ኦማሃ ተሰረዘች፣ ስፖኬንም ተሰረዘች።
በረዶው እንደሆን ትናንት አባርቷል፤
አብራሪው ግን የሌላ ከተማ ሆቴል ተኝቷል፣
አውሮፕላኑ እዚህ፣ አስተናጋጆቹ እዚያ፣
ሁሉ ተበታትኖ እንደ ተፈታ ገበያ።

እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ዴንቨር፣ ሻንጣው ወለል ላይ።
ሰው ቀርቶ ሻንጣው በረረ፣ ሻንጣው ቀርቶ ሰው በረረ፣
ዞሮ ዞሮ ሁሉም እኔ እግር ሥር ቀረ፤
ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ባለ አበባው፣
በገመድ የታሰረው፣ ዚፑን ሆዱ የገፋው፣
የሕፃን ጋሪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣
አንዲት ሴሎ በሳጥኗ፣ እንደ ተቆጣች እንግዳ ጥግ የቆመች ለብቻ።
ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስምንት፤
ዴልሮይ ነው የቆጠረው፣ በገና ዋዜማ ሌሊት።
ሲጨርስ «አንድ ጎድሏል» አለና እንደገና ጀመረ፤
አልከለከልኩትም፣ ካልቆጠረ ሊያለቅስ ነበረ።

ላይ፣ ሰልፉ መጸዳጃውን አልፎ ጫማ ጠራጊው ጋ ታጥፏል።
አንድ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አንቀላፍቷል፤
የአየር መንገዱ ሙዚቃ ስድስት ሰዓት ተጫውቶለታል።
ሆልገር የሚባል ሽማግሌ፣ ለልጁ ብሎ ያጨሰውን ዓሣ
በሦስተኛው ቀን ጋዜጣ ላይ ዘረጋ፤
ለማያውቃቸው ሲያድል የራሱን ድርሻ ረሳ።
ከመስተንግዶው ጀርባ ያለችው ልጅ ድምጿ ተዘግቷል፤
«ይቅርታ» ብላ ወረቀት ላይ ጽፋ ለመጣው ሁሉ ታነሣለች።
አንድ ሕፃን ወረቀቱን ወስዶ አውሮፕላን ሠራበት።
በዚያ ቀን፣ ከዚያ ሕንፃ፣ በሰዓቱ የተነሣ እሱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ንጋት፣ አስራ አንድ ከአርባ ሲል፣
ከክምሩ ሆድ ደወል ጮኸ፣ ልብ የሚያዘልል።
እዚህ ነው ስንል እዚያ። ዴልሮይ ካንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ፣
ጆሮውን እየለጠፈ፣ እንደ ሐኪም፣ በየሻንጣው ሆድ፣
ዝም አለ።
በማግስቱም በዚያው ሰዓት። በሠልስቱም።
ባትሪው አልደከመም። የደከምነው እኛ ነን።

በአራተኛው ማታ አንዲት ሴት መጣች፣ ቨርና ኪትሪጅ፣
ፀጉሯ የተማሪ አውቶቡስ ላይ የሸበተ፣ ንግግሯ ደረቅ እንደ ፍርድ ቤት ደጅ።
«ግራጫ ነው፤ እጀታው በአረንጓዴ ፕላስተር የተጠቀለለ፤
ውስጡ ደወል ሰዓት አለ።
ሠላሳ ዓመት ቀስቅሶኛል። አሁን የማደርሰው ልጅ የለም፤
ለሰዓቱ ግን ጡረታ ወጣሁ ብዬ አልነገርኩትም።»
ጉሮሮዋን ጠረገች።
«ስፖኬን ነበር የምሄደው፣ እህቴ ዘንድ።
ስምንት ዓመት ተኮራርፈን፣ በአባታችን ጀልባ፣ በአንድ
በሸተተ ጀልባ ሰበብ። ዘንድሮ ‹ነይ› አለች።
በረራው ተሰረዘ ስላት ‹አውቄው ነበር› ብላ ዘጋች።»

ምን ይባላል? ወንበር ሰጠናት። ሌሊቱን ቁጭ ብላ አነጋች።

አስራ አንድ ከአርባ። ጮኸ።
ፍለጋ የለ፣ ማዳመጥ የለ፤ በገዛ ቤቱ ጨለማ
ውኃ ሊጠጣ እንደሚነሣ ሰው ሄደች፣ ሳታቅማማ፤
ግራጫውን ከሴሎዋ ሥር ጎትታ ከፈተች።
አላጠፋችውም። ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣
ሰዓቱ አፍ ላይ አስጠጋች።

ስፖኬን ገና አስር ከአርባ ነው፤ እንቅልፍ የሚጥምበት።
ደወሉ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ወለሉን ሞላው፣
ከዚያ አንድ የሻከረ ድምፅ፦
«አንቺ! ይህን ጉድ አሁንም አልሰበርሽውም?»
ቨርና አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም።
«በአውቶቡስ እመጣለሁ» አለች። «ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ግን አላውቅም።»

ታርቀው እንደሆን አልሰማሁም። እኔ የሻንጣ ሰው ነኝ።

በማግስቱ አስራ አንድ ከአርባ ላይ ክምሩ ዝም አለ።
እኔና ዴልሮይ ግን ቀና አልን፣ ስሙን እንደጠሩት ሰው።
ወረቀቱን አገላበጠ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣ፣
«አንድ ጎድሏል» አለ።