ሁለተኛ አመልካች

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ዘንባባ ካጠላበት፣
ጠረጴዛ አለችኝ፣ ላንድ እግሯ ጡብ የገባላት፤
ታይፕ አለችኝ አሮጌ፣ የመንከስ አመል ያለባት፤
ሕገ መንግሥትም አለችኝ፣ ሽፋኗን አይጥ የቀመሳት።
ገጾቿ ዓሣ ይሸታሉ፤ እጁን ሳይታጠብ የመጣ
ስንቱ መሰላችሁ የገለጣት፣ መብቱን ሊያይ ከጣና ሲወጣ።

ግንቦት ሲገባደድ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
አንድ ሽማግሌ መጣ፤ የተሸከመው ደንገል ውሃ ያንጠባጥባል።
«ስምህ?» አልኩት። «ይማም እንድሪስ።» «ሥራህ?» «ታንኳ እሠራለሁ።»
«ተቀመጥ።» «ለምጃለሁ» አለኝ፣ «ግድ የለም፣ እቆማለሁ።

ደንገል ከምናጭድበት፣ ከአባት ከእናቴ ዳር፣
ሰኞ ማለዳ አጥር በቀለ፣ ለማንም ሳይነገር፤
ዘበኛ አለው፣ ውሻ አለው፣ ሰሌዳ አለው፦ ‹መግባት ክልክል›፤
ማዕበሉ እንኳ ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል።»

«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ ጀመርኩ እንደ ወጉ፤
የአጥሩን ርዝመት ጠየቅሁ፣ ስንት ጎጆ እንዳለ በጥጉ።
ከዚያ ያቺን አይጥ የቀመሳትን ገለጥሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤
«ማንኛውም ሰው...» ስል፣ እጁን ሲያነሳ አየሁ።

«ቆይማ። ይኼ ማንኛውም ሰው የምትለው፣
የየት አገር ሰው ነው? አባቱስ ማነው?
መቼም የጨዋ ልጅ ይመስላል፣ መጽሐፉ ሁሉ ስለሱ ነው፤
ማንኛውም ሰው ይናገራል፣ ማንኛውም ሰው ይከሳል፣
ማንኛውም ሰው ከቤቱ ያለ ሕግ አይነሳም ይላል።
እድሉ! እኔ ግን ስድሳ ሁለት ክረምት ቀዘፍሁ፣
ከዘጌ ደቅ፣ ከደቅ ዘጌ፣ ስንቱን ሰው አሻገርሁ፤
እሱ ግን አንድ ቀን በታንኳዬ አልተሳፈረም፤
ከቅሌም ውሃ ሲጠጣ አላየሁትም።»

ልስቅ ነበር። አፌ ተከፍቶ ቀረ።
ከልጅነቴ አንድ ጣሳ ተንከባልሎ መጣ፦

ሽምብጥ፣ በጋ ላይ፣ ዓሣ ሻጭ ከደጃችን ቆሞ
ውሃ ለመነ። እናቴ ሰጠችው።
ጠጣ። መረቀ። ሄደ።
ጣሳውን አላጠበችውም፤
ከቦዩ ወረወረችው።
«ለምን?» አልኳት።
«ዝም በል» አለችኝ።
አርባ ዓመት ሆነኝ ዝም እንዳልኩ።

ይኸው ዛሬም! ጢማቸው ጥጥ የመሰለ ሰው
ከመጡ ጀምሮ «አንተ» እያልኩ፣ ሕግ አነባለሁ።
ከዚህ መስመር ወዲያ አንቱ ናቸው።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»
አዩኝ። ደንገሉን አወረዱ። ተቀመጡ።

«ያ ሰው እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።
«እኔ ይማም ነኝ» አሉ፣ «አታምታታኝ።
ይልቅ ስሙን ከስሜ ሥር ጣፍልኝ፤ ይምጣ፣ አብረን እንቁም፤
ባንድ ዘንግ ደንገል የተሠራ ታንኳ ታይቶ አያውቅም።»

ደግሞም ጠየቁኝ፦ «ይቺ መጽሐፍ ዕድሜዋ ስንት ነው?»
«ሠላሳ ይጠጋታል።»
«እህ! የኔ ታንኳ እንኳ ውሃ ትጠጣለች፤
አውጥተን ለፀሐይ ካላቆምናት ከነጭነቷ ትሰምጣለች።
ይቺን ማን ያሰጣታል?»

አልመለስኩም። ዝናቡ መለሰ፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ።

ሁለት ቆሮሶ ሰጡኝ፣ በቅጠል የተጠቀለለ፤
አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። እኔም ጻፍኩ፦
አንደኛ አመልካች፣ ይማም እንድሪስ።
ሁለተኛ አመልካች፣ ማንኛውም ሰው።
አድራሻ፣ ጣና ዳር።

ሰኔ አሥራ አራት። ችሎቱ እርጥብ ጋቢ ይሸታል።
ባለከረቫቱ ጠበቃ ካርታ ዘርግቷል።
«አንደኛ አመልካች?»
«አቤት» አሉ፣ መቅዘፊያ እንደሚስብ ሰው ቀስ ብለው ተነሥተው።
«ሁለተኛ አመልካች... ማንኛውም ሰው?»
ሳቅ ተሰማ። ዳኛዋ አልሳቀችም።
«ቀርቧል?»

አባባ ይማም ወደ በሩ ዞሩ፣
ከጎናቸው ላንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀው።
ከኋላ ወንበር ነበርኩ። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ።
እንደምንም ቆምኩ።

«አቤት» አልኩ።