አምስተኛው ክር

በሱቄ በር ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው፣
ሦስት ቀን ሰጡኝ «ዕቃህን አውጣ» ብለው።
የዶሮ ማነቂያ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣
ሬዲዮ የፈታሁበት፣ ቴፕ የገጠምኩበት፣
ተጠቅልሎ ሞላ በአንድ ጋሪ ጭነት።

ከመደርደሪያው ጀርባ ጊታር ቆሟል፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ፤
በአንገቱ በሲባጎ ተንጠልጥሏል የሃያ ዓመት ዕዳ፦
«ልሳነወርቅ ሽብሩ። ጥገና። ቀብድ አምስት ብር።
ቀሪ አሥራ ሁለት።» የገዛ እጄ ጽሑፍ ነበር።

ልሳነወርቅ! ስም ያወጣለት ሰው ምን ታይቶት ይሆን?
ድምፁ ጠጠር ነበር፣ ገልባጭ መኪና ሲያራግፍ የሚያሰማውን።

የተወለደው ከለገሃር ጀርባ፣ ከፍሬን ሠራተኛ፣
ባቡሩ ሲቆም የሚነቃ፣ ሲሄድ የሚተኛ።
ብረት ብረትን ሲፍቅ፣ ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ፣
«ያችን ድምፅ» ይላል፣ «ያችን ስፈልግ ነው ጸጉሬ የሸበተ።»

በሃያ ዓመቱ የደንብ ልብስ አልብሰው ኦርኬስትራ አስገቡት፤
መሪው መቶ አለቃ «ቀጥ አርገህ ምታ፣ ከኖታ አትውጣ!» አሉት።
«ቀጥ ያለውን ሰልፈኛ ይምታው» ብሎ ወጣ፣
የወር ደሞዙን ትቶ፣ ጊታሩን ብቻ ይዞ መጣ።

ውቤ በረሃ፣ እትዬ አልጣሽ ቤት ነበር የማውቀው፤
እኔ ባዶ ጠርሙስ ለቃሚ፣ እሱ ከጥጉ ወንበር የማይነቃነቀው።
እኩለ ሌሊት ሲሆን በሩ ይቀረቀራል፤
ሰካራምም ሆነ ጨዋ እስኪነጋ ማን ይወጣል?
ካድሬው ከሌባው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣
ሁሉም ያዳምጣል የያዘውን ብርጭቆ ረስቶ፣ አፍጥጦ፦

«ሰዓት እላፊ ነው፣ ውጪው ተከልክሏል፣
ልቤ ፈቃድ ሳይዝ እንዴት አልፎ ሄዷል?»

አንድ ሌሊት ካድሬው አለቀሰ።
በማግስቱ ልሳነወርቅ ተወሰደ። ጥያቄው አጭር ነበር፦
«ይሄ ልቤ ያልከው ማነው? የየትኛው ድርጅት አባል?»

ማዕከላዊ፣ ስምንት ወር። ሲመለስ፣ ከቀለበት ጣቱ በቀር፣ ደህና፤
እሷ ግን አልታጠፍ ብላለች። ይኸው፣ መቶ አለቃ፣ ቀጥ አለችና!

አንድ ወር ሙሉ ጊታሩን አልነካም። ከዚያ «ጠርሙስ አምጣ» አለኝ።
የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሰጠሁት፤ አንገቱን መትቶ ሲሰብር ክው አደረገኝ።
ስብራቱን በደረጃው ድንጋይ ላይ ሲሞርድ ዋለ፤
በደረቀችው ጣት አጥልቆ በክሩ ላይ ሸርተት አለ።
ባቡሩ ቆመ።
እምላለሁ፣ እዚያው እትዬ አልጣሽ ቤት፣ ባቡሩ ሲቆም ሰማሁ።

ካሴት አወጣ፣ አንድ ብቻ፣ አምስት መቶ ቅጂ፤
ማን ገዛው? ሌላ ዘፈን ተቀዳበት እንጂ።
ለጥገና ከሚመጡልኝ መሀል፣ አንዳንዱ የሠርግ ካሴት
ሆታው አልቆ ዝም ሲል፣ ከጫፉ ላይ
ያ ጠጠር ለአፍታ ይሰማል፤ ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል።

ጊታሩን ሲያመጣልኝ አንገቱ ተሰንጥቆ ነበር፤
«እሱን አጣብቀው። አምስተኛው ክር ግን እንደለመደው ይንጫረር።
ጩኸቱን ካዳንክ እኔን ገደልክ ማለት ነው።»
አጣበቅሁ። ጠበቅሁ። አንድ ንጋት፣ ሰማዩ ገና ሳይገልጥ፣
የዕድር ጥሩንባ ነፊው ከድልድዩ ማዶ ስሙን ጠራ፤
እሱም ከኖታ ወጥቶ ነበር።

አሁን ጋሪው ቁልቁል ይወርዳል፤ ጊታሩ ከሁሉ በላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።
ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ከውስጥ የሆነ ነገር ዝዝዝ ይላል።
ገፊው ልጅ ቆመ፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላልቷል። ይሰማሃል?»
«ይሰማኛል» አልኩት።
«አትንካው።»