ለሦስት መቶ አራት ቁጥር እንግዳ

ፎጣ ተሸክሜ ደረጃውን ሳልፍ፣
ሲጠይቁ ሰማሁ፣ እታች፣ ከደጃፍ፤
«ምሽጉን አይቻለሁ፣ ገበያውም ያው ነው፤
ሌላ ምን አላችሁ? ቀሪው የት ነው ያለው?»
ልጁ ፈገግ ብሎ ካርታውን ዘረጋ፣
ያንኑ ምሽግ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ወጋ።

እኔን ማን ይጠይቃል? አልጋ አንጣፊ ነኝ።
ግን ዓርብ ከሰዓት፣ ሥራው ሲለቀኝ፣
ሙሐረቅን በእግሬ፣ ያለ መሪ ያለ አጃቢ፣
ዘጠኝ ዓመት ዞርኳት በር በበሩ፣ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ።

ሐልዋ ከሚንተከተክበት ከናሱ ድስት ማዶ
ጠባብ መንገድ አለች፣ ሁለት ሰው የማታሳልፍ ጎን ለጎን ሄዶ፤
ግድግዳዋ ከባሕር ሆድ የወጣ ድንጋይ፣
ዛጎሉ ከነጥርሱ ተለስኖ ሳለ ዛሬም የሚታይ።
አንዴ ማንም ሳያየኝ በምላሴ ነካሁት፤ ጨው ነው፤
ቤቱ መቶ ዓመት አልፎታል፣ ባሕሩ ግን ገና አልለቀቀው።

የንፋስ ግንብም አለ፣ አናቱ የፈረሰ፣
ርግብ የተከራየው፣ ኪራይ ሳይከፍል የነገሠ፤
ከሥሩ ቢቆሙ፣ በዚህ በነሐሴ ወበቅ፣
አንገት ላይ ይወርዳል የሌለ ሰው ትንፋሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ።
የአሮጌ ጀልባ አጥንቶች አሉ፣
ሚስማራቸው ዝጎ፣ እንደ ጡረተኛ ፀሐይ ሲሞቁ የሚውሉ።
ቡ ሱሩር እዚያ ነው፣ መረብ ሲጠግን፤
ሰማንያ ደፍኗል፤ ጥርሱ ሁለት ነው፤ ሳቁ ግን
ሙሉ ነው።

አባቱ ጠላቂ ነበር፣ ለሉል የሚወርድ፣
አፍንጫውን በቀንድ ቆንጥጦ፣ ወገቡን በገመድ።
«ሉሉ የነጋዴው ነው፤ ለኛ የደረሰን ዕዳ፤
ግን እዚያ፣ ከሞገዱ ሥር፣ ከጨዉ ጓዳ፣
ጣፋጭ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። አባቴ አቁማዳ
ይዞ ይጠልቃል፤ አፉን ከምንጩ አፍ ይገጥማል፣
ይሞላል፣ ይቋጥራል፣
ከባሕር ሥር የሚጠጣ ውሃ ቀድቶ ይወጣል።»

አሁን ምንጩ ደርቋል፤ ባሕሩም ተደልድሎ አስፋልት ሆኗል፤
ቡ ሱሩር ጣቱን ይቀስራል፤ እዚያ ላይ ፋርማሲ ተከፍቷል።
እርስዎ ቢሄዱ የሚያዩት የመኪና ማቆሚያ ነው፣
ግን እሱ ሲያሳይዎ ይጠማዎታል፤ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን ጠየቀኝ፣ መርፌውን አስቀምጦ፦
«አያቴን ያመጣት አንድ ነጋዴ ነው፣ ከሐበሽ፣ ባሕሩን አቋርጦ፤
ስሟን እዚህ ሰጧት፤ የፊተኛው ጠፋ፤
ልብሷም ጸሎቷም የኛ ሆነ። ግን ሌሊት ሕፃን ሲከፋ
አንድ ቃል ትል ነበር፤ ዐረብኛ አይደል፣ ፋርሲም አይደል፤
ስምንት ልጅ አስተኛሁበት ፍቺውን ሳላውቀው። ምን ይሆን? በደል?»
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከጀልባው ጥላ፣ ሰው እንዳይሰማው፣
«ኡሹ... ኡሹሩሩ...»
ምን ልበለው?

ፍቺ የለውም እኮ። ማን ፈቶት ያውቃል?
ሰው ይተኛበታል እንጂ ሰው ይጠይቀዋል?
«ተኛ ማለት ነው» አልኩት። እንጃ፣ ምናልባት ዋሸሁ።
የመረቡን ጫፍ ያዝኩለት፤ እስኪመሽ ቋጠሮ ፈታሁ።

ይህን ሁሉ ልነግርዎ ዛሬ ጠዋት በርዎ ላይ ቆሜ
«ፎጣ ይቀየር?» አልኩ፤ ሌላውን ዋጥኩት ደጋግሜ።
አመስግነው ወረዱ።
አልጋዎን እያነጠፍኩ በመስኮት አየሁዎ፤ ካርታውን ዘቅዝቀው ይዘዋል፤
ምሽጉ በቀኝ ነው፣ እርስዎ ወደ ግራ ታጥፈዋል።

ልጠራዎ መስኮቱን ከፈትኩ፤
መልሼ ዘጋሁት።