አመዳይ

ታይስቶ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ይልቅ ጠረጴዛው ይጠጣል።
ብሩሽ ሲይዝ ግን፣ ያችን ሦስት ፀጉር የቀራት ብሩሽ፣
ትንፋሹን ውጦ፣ ክርኑን ተክሎ፣
ከጤፍ ባነሰች ዓይን ውስጥ ብርሃን ያስቀምጣል።

ክረምቱን ሙሉ ሠራቸው፤ አርባ አንድ ናቸው፤
ቀስተኛ፣ ጦረኛ፣ ከበሮ መቺ፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪም አላቸው።
“ያለ ዳቦ ጋጋሪ፣” ይላል፣ “ጦር ስንት ቀን ይዘልቃል?”
ሠላሳ ዓመት ወረቀት ፋብሪካ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ማታ ማታ አውቶቡስ እነዳለሁ፤
ሐሙስ ሲሆን፣ በዕረፍቴ፣ እሱ ጋ ጦር እጫወታለሁ።
እሸነፋለሁ።
ዳይሱ እሱን ይወዳል፤ እኔን አያውቀኝም፤
“ዳይስ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው፣” ይለኛል። አይገባኝም።

“ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውድድር አለ፤
ቫርኒሹን አንተ እርጭልኝ፤” ቆርቆሮውን አቀበለ።
“መጫኛው ለጣቴ ይከብዳል። ግን መክብብ፣ ስማኝ፦
ቫርኒሽ ያልለበሰ ቀለም የጣት ላብ ይበላዋል፤
ያነሳው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይወስደዋል።
ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆየው፤
እርጥበት ካለ ተወው፤ ብርድ ካለ ተወው፤
ነገም ቀን ነው። ቫርኒሽ የሚቸኩል ሰው አይወድም።”
እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይከብድም።

ሰንደር ቤይ፣ የካቲት። ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
ንፋሱ በጋራዡ በር ሥር ጣቱን ሰዶ ይፈትሻል።
ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
ፈረቃዬ ሊገባ የቀረው ሩብ ሰዓት።
በካርቶን ላይ አሰለፍኳቸው፤
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፍሽሽ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ረጨኋቸው።
አምፖሉ ሥር ረጥበው ሲያበሩ ደስ አሉኝ፤
መሪውን ይዤም፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ትዝ አሉኝ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተመልሼ መብራቱን አበራሁ።
ጦሩ የለም።
አርባ አንድ ነጫጭ ጉቶ፤ ዓይን የለም፣ ከንፈር የለም።
አመዳይ ወርዶባቸዋል፤ በአውራ ጣቴ ብጠርገው
አይለቅም፤ ነጩ ከላይ አይደለም፣ ከውስጥ ነው።
ሰሙ ወርቁን ዋጠው።

ቁጭ አልኩ። ውሸት አዘጋጀሁ፦
ቆርቆሮው ያረጀ ነበር። አይሆንም።
መብራት ጠፍቶ ነበር። እሱም አይሆንም፤ አንድ መንገድ ነው የምንኖረው።
ሦስተኛው ውሸት ላይ ነጋ፤
ካርቶኑን ታቅፌ፣ በረዶው እግሬ ሥር እየጮኸ፣ ሄድኩ እሱ ጋ።

ታይስቶ መነጽሩን አወለቀ፤ አደረገ፤ አወለቀ።
ዳቦ ጋጋሪውን አንስቶ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ፣ ሳቀ።
“በብርድ ረጨኸው፣ አይደል?”
ሦስቱም ውሸቶቼ ተነሥተው ወጡ። “አዎ።”
“ከምድጃው በላይ የወይራ ዘይት አለ፤ አምጣው።”

በዚያች በሦስት ፀጉሯ ብሩሽ፣ በአንዲት ጠብታ፣
የአንዱን ቀስተኛ ፊት ነካ።
ነጩ ሟሟ። መጀመሪያ ቅንድብ መጣ፤
ቀጥሎ ያ ከጤፍ ያነሰ ብርሃን ካደረበት ወጣ።
ለካስ ሁሉም እዚያው ነበር፤
ብርሃኑ ብቻ መግቢያ አጥቶ ነበር።

ሁለታችን ሠራን፤ እሱ ፊት ፊቱን፣ እኔ ጫማና ጋሻ፤
እጁ ሲነሣበት ያቆማል፤ እጠብቀዋለሁ፣ አልሄድም እስከ መጨረሻ።
ኩሽናው ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።
ዐርብ ማታ፣ ዘይቱን በጨርቅ ጠርገን፣ ምድጃው አጠገብ፣
ሌላ ቫርኒሽ፣ በብሩሽ የሚቀባ፣ አለበስናቸው፤ በቀስታ።

ዳቦ ጋጋሪውን ግን አላስነካኝም።
ነጭ ራስ፣ ነጭ ትከሻ፣ እስከ ክርኑ ነጭ።
“ተወው፣” አለ። “ዱቄት ነው።”

ቅዳሜ ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፈ።
ያሸነፈችው ብሪን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣
ዕቃዋን ሳትሰበስብ ዳቦ ጋጋሪውን በሁለት ጣቷ አነሣች፦
“ዱቄቱን እንዴት ነው የሠራኸው?” አለች።
ታይስቶ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፦
“የእሱ ሥራ ነው። ምስጢሩን አይነግርሽም።”
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
በሳቅ ይሁን በሌላ፣ አልለየሁም።