በእግረኛ ፍጥነት

ተምቹ በቆሎውን ከሰርቦ እስከ ዴዶ
እርቃኑን ሲያስቀረው ቅጠሉን ወስዶ፣
ሁለት ትንንሾች፣ ባለ አንድ ሞተር፣
መጡልን በሰኔ፣ መርዝ ሊረጩ ከአየር።
ሆዳቸው የመርዝ ጋን፣ ቀለማቸው ቢጫ፣
ጭራቸው መሬት ላይ፣ ሰማይ ላይ አፍንጫ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በምድር ሲሄዱ
አብራሪው አያይም ወዴት ነው መንገዱ፤
ፊት ለፊቱ ሞተር፣ ከሞተር በላይ ጉም፣
መሬት ተቀምጦ መሬትን አያይም።
ስለዚህ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣
አንዴ በቀኝ ጎኑ፣ አንዴ በግራ ያያል፣
ያም ባይበቃው ደግሞ ምልክት ለሚሰጥ ሰው ዓይኑን አምኖ ይሰጣል።
በዚያች ከሰዓት ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤
ናዚፍ፣ የአባ ዱራ ልጅ። ስሜን አልሸሸግኩ።

ያን ቀን ሁለቱም የጊቤን ገደል አልፈው፣
የዝናብ ደመና ጠርዝ ጠርዙን ታከው፣
ከመብራት ሽቦ በታች እንደ ሌባ ሾልከው፣
ክንፍ ለክንፍ ተያይተው፣ በደህና ተላልፈው
ነው የተመለሱት።
ሰማይ ሰው ቢሳሳት ገለል ይልለታል፤
መሬት ግን ስንዝሩን ቆጥሮ ይይዝበታል።

ይልቃል ነዳጁን ሞልቶ እየወጣ፣
ገመዳ ጋኑን አራግፎ እየመጣ፣
እኔ በመሃላቸው፣ በብርቱካን ሰደርያ፣
እጆቼን ዘርግቼ፣ የወፍ ማስፈራርያ።
ቀኝ እጄ «ና» አለ፤ ግራዬ «ቁም» አለ፤
እያንዳንዱ አብራሪ
የወደደውን እጅ ለራሱ አደለ።
ሁለቱም ያየው «ና»ን ነው።

በዚያው ቅጽበት ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ
አንዲት ጥጃ ገባች፣ ያልተጠራች እንግዳ።
ዞርኩ።
ይኸው ነው። አንገቴን ብቻ ነው ያዞርኩት።

ፍጥነቱ? የሽማግሌ፣ ከመስጊድ ሲመለስ።
ቢጫው ክንፍ ቀስ ብሎ፣ ጭራ እንደሚዳብስ፣
ነካው።
ቆርቆሮው ሲቀደድ ሰማሁት እንደ ልብስ።

ከዚያ ዝም። ሞተሮቹ እየተንተባተቡ ቆሙ።
ጥጃዋ ሣር ነጨች፤ እሷ ምን ተዳዋ?
ማንም አልቆሰለም፣ አንድ ጠብታ አልደሙም።
ይልቃል ወረደ ኮፍያውን ጨብጦ፣
ገመዳም ወረደ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተለውጦ።
ይሰዳደባሉ ብዬ ስጠብቅ
ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።
የክንፉ ጫፍ መብራት፣ አረንጓዴ ብርጭቆ፣
ሣሩ ውስጥ ጠፋብኝ፣ ከሣር ጋራ ደቆ።
ተንበርክኬ ለቀምኩ። ጣቴ ብቻ ነበር
በዚያ ቀን የደማው፤ እሱም አይቆጠር።

ወይዘሮ እልፌ ከቢሮ ቅጽ ይዛ መጣች።
«የአደጋው ምክንያት» ይላል፤ ከሥሩ አንድ መስመር።
አንድ መስመር ላይ ምኑን ልደርድር?
ጥጃዋን? ጉሙን? ያን ሰማይ ጠቀስ አፍንጫ?
አጥሩ እንዲጠገን የጻፍነውን ደብዳቤ፣ ሦስቴ፣ በከንቱ?
እስክሪብቶው ቆየ። ከዚያ ጻፍኩ፦
«ዞሬ ነበር።» ይህን ብቻ።

ማታ ወደ ቤቴ፣ በአዌቱ ድልድይ ላይ፣
ባጃጅ ከባጃጅ ጋር በፀጉር ሲሳሳት፣
አህያ ከሞተር፣ ጃንጥላ ከጃንጥላ፣
ማንም አልጮኸ፣ ማንም ቅጽ አልሞላ።
ቆሜ አየኋቸው፤ ዝናቡ እስኪያረጥበኝ
ምን እንደሚጠብቃቸው እየገረመኝ።

ቤት ስደርስ፣ በጠባቡ በራፍ፣
ዘቢባ ባልዲ ይዛ ስትወጣ፣ እኔ ስገባ፣
ክንዷ ክንዴን ነካ።
ሦስት ቀን ሆኖናል ሳንነጋገር፤
በምን እንደጀመረ ሁለታችንም ረስተናል።
እጄን ዘረጋሁ፣
«ና» ይሁን «ቁም» እኔው ሳላውቀው።

ቆመች። እኔም ቆምኩ።
ውሃው በባልዲው ጠርዝ ይወዛወዛል።
ማን ይለፍ ቀድሞ?