የኤዱቪና ቁጥር

ድሮ ከቺሎኤ የሚጠራን ራዲዮ ነበረ፤
ቀትር ላይ፣ ዜናው ሲያልቅ፣ ድምፁ እየተሰባበረ፦
«ለኬቹል ደሴት፣ ለእርዳታ ክበቡ አባላት በሙሉ፣
ቅዳሜ በማለዳ፣ ካልከፋ ማዕበሉ፣
መጥረቢያ ያለው ይያዝ፣ ጀልባ ያለው ይምጣ»
ብሎ ይቀጥላል፣ ድንች በኪሎ ስንት እንዳወጣ።
የሰማው ይመጣል።
ያልሰማውም ቢሆን
የጎረቤቱን ጀልባ ውኃው ላይ አይቶ፣
ይከተላል እንጂ ነገሩን ገምቶ።

አሁን ስልክ ይዘናል።
ጣጣውን ያመጣች ያኒራ ናት፣ የክሊኒኩ ነርስ፤
ስልካችንን ጠረጴዛ ላይ እንደ ድንች ዘር ደርድራ፣
ስትነካካ አምሽታ፣ ስማችንን ስትጠራ፣
ከአንድ ግሩፕ ከተተችን። ሠላሳ አንድ ሆንን።

አይ የዚያ ሰሞን ጉድ!
ኖልቤርቶ፣ አውራ ጣቱ የመቅዘፊያ እጀታ የሚያህል፣
«እሺ» ሊል ፈልጎ የሚያለቅስ ፊት ይልካል።
«ማን ሞተ?» ብለን ደንግጠን ስንደውል፣
«ኧረ ማንም! ደስ ብሎኝ ነው» ይላል።
ሽማግሌው ኤሊሴዮ በድምፅ ነው የሚልከው፦
አራት ደቂቃ ዝናብ፣ ውሻ፣ ሳል፤ መጨረሻው «እመጣለሁ» ነው።
ኔትወርክ ደግሞ ያለው ከመቃብሩ ጉብታ፤
ማን ማገዶ እንዳለቀበት ለማወቅ በየማታ
ሕያዋኑ ወደ ሙታን ሰፈር እንወጣለን፣
ስልካችንን ወደ ሰማይ አንሥተን።

ኤዱቪና ግን፣ ቤቷ ከጉብታው ሥር የሆነው፣
ቃሏ አንድ ብቻ ነበር።
ማነው ለክሎሪንዳ እንጨት የሚፈልጥ?
«እኔ።»
ለኩላሊት እጥበት፣ ማክሰኞ፣ ማነው ሮሙዋልዶን የሚያሻግር?
«እኔ።»
አበባ የለው፣ ሥዕል የለው።
እኛ ገና መነጽራችንን በዳበሳ ስንፈልግ፣
እሷ ወጥታለች፣ በሩን ዘግታ።

በሰኔ ሞተች፣ በብርዱ።
የቀብሩን ሰዓት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው፤
ለሠላሳ አንዳችንም ደረሰ።
ለእሷም ጭምር።

ደንባችን ይላል፦ «በሞት የተለየ ከመዝገብ ይሰረዝ።»
ወረቀቱን ሰረዝኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ፤ ያ ቀላል ነበር።
ስልኩ ግን በትሕትና ይጠይቃል፦
«ኤዱቪናን ማስወጣት ይፈልጋሉ? አዎ። አይ።»
ጣቴ ቆመ።
ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።
ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ
ኔትወርክ ጠፋ እል ነበር።

ነሐሴ ላይ ነፋሱ በሌሊት ተነሥቶ፣
ባሕር ጨመረው የክሎሪንዳን ጣሪያ እንደ ባርኔጣ አንሥቶ።
ጉብታው ላይ ወጣሁ፣ ካፖርቴን ተከናንቤ ጻፍኩ፦
«ቆርቆሮ አለ። ሚስማር አለ።
መሰላል የሚይዝ ሰው ጎድሏል። ማን አለ?»
ማንም። በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል?
ከዚያ፣ ከስክሪኑ አናት ላይ፦
«ኤዱቪና እየጻፈች ነው።»

መቃብሯ ከቆምኩበት ዐሥር እርምጃ ነው።
ፈሪ ሰው አይደለሁም።
ሆኖም ዞሬ አላየሁም።

«እኔ።»

በር እያንኳኳሁ፣ እንደ ድሮው፣ ሰው ሰብስቤ ስደርስ፣
መሰላሉን ጨብጦ ቆሟል ልጇ ሌዎንሲዮ፣
የሳልሞን ዓሣ እርባታው ዘበኛ፣
ስብሰባችንን ረግጦ የማያውቅ፣
«እናቴን ለአገሩ ሁሉ አበድሬ ቀረሁ» እያለ የሚያማን።
የእሷን የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል።

«ልዘጋው ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከመሰላሉ ሳያነሣ፤
«ግን ማታ ማታ ይንጫጫል።
ቢቸግረኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ።
ለካ የት የት ትሄድ እንደነበር...»
ቀሪውን ነፋሱ ዋጠው።

«ስሙን በአንተ ልለውጠው?» አልኩት።
ሚስማር ነክሷል በጥርሱ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
አዎ ይሁን አይ፣ አልገባኝም።
አልለወጥኩትም።

ማታ ጉብታው ላይ ስንወጣ፣
ኪሳችን ሁሉ ባንዴ ተንቀጠቀጠ።
ኖልቤርቶ ነው፣ ሁለት ክንድ ርቆን የቆመው፣
በዚያ አውራ ጣቱ፦
የሚያለቅስ ፊት።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም።