ላጲስ

ሥራዬ ማጥፋት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ኮንሰርት ባለቀ ማግስት፣ ሌሎች ቤት ሲውሉ፣
ምድር ቤት ወርጄ፣ ከሣጥኖቹ መሐል፣
ላጲስ አነሣለሁ፤ እርሳስ የጻፈውን ላጲስ ይፍቀዋል።

ዛሬ ግን የመጣው የዊበ ሣጥን ነው፤
ዊበ ቴርፕስትራ፣ በመጋቢት የሸኘነው።
ልጁ ናት የላከችው። አለቃዬም አለ፦
«ጠርገሽ ለኪራይ አውጪው፤ ገንዘብ የት አለ?»

አባቱ የቦይ በር ጠባቂ፣ ሃርሊንገን ወደብ ዳር፣
ቃል በነፋስ ሲጠፋ በእጁ ነበር የሚናገር፤
መዳፉ ከፍ ሲል ልጁ መዘውሩን ያዞራል፣
መዳፉ ዝቅ ሲል ውኃው በሩ ሥር ያድራል።
ፒያኖ የለም በቤቱ፤ ራዲዮም ተበላሽቷል፤
ግን በአንድ ክንድ መነሣት የባሕር በር ሲከፈት አይቷል።

የመጀመሪያው ቅጂ ሽፋኑ ተልጧል፤
በቀይ እርሳስ ብዛት ገጹ ቆስሎ ተቀምጧል፤
«እዚህ ላይ ፍጠኑ!» «መለከቶች፣ ዝም በሉ!»
«ቫዮላ የት ጠፋ?» «እኔን ተከተሉ!»
ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ በአርንሄም ኦፔራ
ለዘፋኞች ጥናት ፒያኖ መምታት ነው የተሰጠው ሥራ።
አንድ ማታ ግን መሪው በትኩሳት ወደቀ፤
ሁለተኛው ገቢር እንደምንም አለቀ።
«ግባ» አሉት ዊበን። በትር የለም፤ ቀይ እርሳሱን
ከኪሱ መዘዘና ቀና አደረገ ራሱን።

ውኃው ተከፈተ።

ሃምቡርግ፣ ሊዮን፣ ትሪየስተ፤ በየገጹ መሐል
የባቡር ቲኬቱ እንደ ቅጠል ደርቋል፤
የልብስ ንጽሕና ቤት ደረሰኝ፤ የትከሻ ቅባት ሽታ፤
ልጁ የሣለችው አባት፣ አንድ ክንዱ የረዘመ፣ የቆመ በማታ።
ቀዩ በሰማያዊ ተተካ፤ ቃሉም ቀነሰ፤
«ፍጠኑ» ያለበትን «ጠብቁ» ብሎ መለሰ።

የሊዮኑ ኦፔራ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥር፤
ዘፋኟ ቃል ጠፍቷት፣ ጉሮሮዋ ሲታሰር፣
እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠበቃት። ጠበቃት።
ሰባ ሰው ትንፋሹን ይዞ እስክትመጣ ናፈቃት።
አልመጣችም። መጋረጃው ወረደ። የማግስቱ ጋዜጣ
«ካፒቴን የሌለው መርከብ» አለ፤ ስሙም ከዚያ ቤት ወጣ።
ገጹ ጠርዝ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል ጽፏል፦
«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትንፋሿ አልፎኛል።»

በስልሳ ዓመቱ መጣ፣ ወደ ዴቬንተር፣ ወደኛ፣
ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ወደሚያጠናው ሙዚቀኛ።
ልምምድ ላይ አይጮኽም፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ
«ከኔ ሳይሆን ከርሷ» ይላል፣ ወደ ኦቦ ነፊዋ አጎንብሶ።
አንዳንዴ ጨርሶ እጁን ያወርድና
ይሰማናል ቆሞ፣ እንደ አንድ እንግዳ፣ እንደ መንገደኛ፣ ዓይኑን ይጨፍንና።

ከዚያ የከተማው ምክር ቤት በጀቱን አጠፈ፤
ከሰባው ሠላሳ ቀረን፤ ሌላው በየደጁ አለፈ።
ከበሮ መቺው ሩርድ ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል፤
ቀይ መብራት ሲይዘው መሪውን በጣቱ ይመታል።

የመጨረሻው ቅጂ እነሆ በጄ ላይ፤
ከዳር እስከ ዳር ባዶ፣ እንደ ታጠበ ሰማይ።
ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ሥራ ቀለለልኝ፤
ላጲሴን ይዤ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ።
ወደ መጨረሻው፣ ሁሉም ዝም በሚልበት፣
በቀጭን እርሳስ አንድ መዳፍ ተሥሏል፤ ቃል የለበት።

ሕጉ «ይጥፋ» ይላል። ነገ ሣጥኑ ይላካል፤
ማን እንደሚከራየው፣ ማን እንደሚቆምበት፣ እግዜር ያውቃል።
ጀመርሁ። ቀዩ አይለቅም፤ ጠባሳ ይተዋል፤
ሰማያዊው ይሻላል፤ ሁለቴ ስፍቀው ይጠፋል።
የሊዮኑን ገጽ አለፍሁት። መዳፉ ጋ ስደርስ
ክንዴ አየር ላይ ቀረ፣
ከላይ በመንገዱ አውቶቡስ እስኪያልፍ ድረስ።